ጎማ-ቅይጥ ሬንጅ

ያረጀ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ የሚገባበትን የመንገድ ንጣፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ራበራይዝድ አስፋልት» ይሉታል። «የጎማ መንገድ» ብሎ መተርጎም ይቀላል፤ ግን ያሳስታል። መንገዱ እንደወትሮው በጠጠርና በአሸዋ ነው የሚሠራው። ጎማው የሚለውጠው ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘውን ሬንጅ ነው። እኛ አስፋልት ስንል መንገዱንም ማጣበቂያውንም ስለምናደባልቅ፣ «ጎማ-ቅይጥ ሬንጅ» የሚለው ስያሜ የተሻለ ይመስለኛል። «ቅይጥ» የንጽሕና ጉድለት ያስመስላል የሚል ይኖራል፤ «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ስንል ግን ማንም ቅር አይለውም። ጎማ የሚለው ቃላችን ደግሞ ጥሬ ዕቃውንም የመኪናውን እግርም በአንድነት መጥራቱ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ነገሩ ሁለቱንም ይመለከታልና።

ስያሜው ሬንጁ ላይ እንዲያርፍ የምሻው ከታሪኩም የተነሣ ነው። በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ አሪዞና ክፍለ ግዛት የፊኒክስ ከተማ የቁሳቁስ መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ማክዶናልድ የጎማ ክምር ማጽዳት አልነበረም ሐሳቡ፤ የተሰነጣጠቀ አስፋልት መጠገን ነበር። የተፈጨ ጎማ በጋለ ሬንጅ ውስጥ ጨምሮ አንድ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያቆየው፣ ጎማው እንደ ስኳር አልሟሟም። በድኝ የበሰለ ስለሆነ አይቀልጥም፤ የሬንጁን ቀላል ዘይት እየመጠጠ እንደ ተነከረ ባቄላ ያብጣል። ከዚያ የሚገኘው ወፍራምና የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ማጣበቂያ በሙቀት ቶሎ አይለሰልስም፣ በብርድም በቀላሉ አይሰነጠቅም። በአሜሪካ መስፈርት መሠረት ከማጣበቂያው ክብደት ቢያንስ 15 በመቶው ጎማ መሆን አለበት። ጎማው ከሬንጁ ጋር ሳይበስል እንደ ጠጠር የሚጨመርበት ሌላ ዘዴም አለ፤ እሱ ግን ይህን ስም አይወርስም።

«ዋናው ቁም ነገር ቆሻሻው መወገዱ አይደለም ወይ?» ለሚል መልሱ የአሜሪካ ምክር ቤት ተሞክሮ ነው። በ1991 የወጣ ሕግ ክፍለ ግዛቶች በፌዴራል ገንዘብ በሚሠሩ መንገዶች ውስጥ ያረጀ ጎማ እንዲጠቀሙ አስገደደ፤ ጎማ የሚገባበት አስፋልት ድርሻም ከ5 በመቶ ተነሥቶ በ1997 20 በመቶ እንዲደርስ ታቀደ። ሕጉ የቆጠረው ጎማውን እንጂ የማጣበቂያውን ጥራት አልነበረም። ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ልምዱም መሣሪያውም ስላልነበራቸው ተቃወሙ፣ ግዴታው በ1995 ተሻረ። አሪዞና ግን ያለዚያ ግዴታም ቀድማ ትጠቀምበት ነበር፤ ምክንያቷ ስንጥቁ ነበርና። የጎማ ክምር አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በ1990 በካናዳ ሄገርስቪል የተነሣው የጎማ ክምር እሳት ለ17 ቀናት ነድዷል።

ዋጋውን የሚያነሡም እውነት አላቸው፤ ልዩ ማደባለቂያና ከፍ ያለ ሙቀት ይጠይቃል። ንጣፉ ስስ ሆኖ ሲሠራ ወጪው በከፊል ይካካሳል፤ ማደባለቂያውን ከሩቅ ለሚያመጣ ትንሽ ሥራ ግን ላያዋጣ ይችላል። የሚከብደው ጥያቄ የመጣው በ2020 ነው፤ ተመራማሪዎች ከጎማ የሚወጣ አንድ ኬሚካል በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ወንዞች ኮሆ የተባለውን ሳልሞን ዓሣ እንደሚገድል አረጋገጡ። ያ ጥናት የሚመለከተው በዋናነት በመንዳት የሚፋቀውን ጎማ ነው፤ በሬንጅ የታሠረው ምን ያህል እንደሚለቅ ለብቻው መለካት አለበት። «አረንጓዴ መንገድ» የሚል ስም ይህን ጥያቄ ይሸፍነዋል፤ ጎማን በስሙ የሚጠራ ግን ያስታውሰናል።