«እኔነት» በሥነ ልቦና ሕክምና ውስጥ ምን ማለት ነው? ክርስቲያንስ እንዴት ይመልከተው?

በቤተ ክርስቲያን «እኔነት» ሲባል ወደ አእምሮዎ የሚመጣው ትዕቢትና ራስ ወዳድነት ሊሆን ይችላል። «እኔነቴ ይሰቀል» ብለን እንጸልያለንና። ስለዚህ አንድ አማካሪ «እኔነትዎ ውስጥዎን ይምራ» ቢልዎት ቢደነግጡ አይገርምም። ሆኖም ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ይለያያል። ከመቀበልም ከመቃወምም በፊት መረዳት ይበጃል።

ትምህርቱ ከየት መጣ?

ዘዴውን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው አሜሪካዊው የቤተሰብ ሕክምና ባለሙያ ሪቻርድ ሽዋርትዝ ነው። ከልክ በላይ በልተው የሚያስመልሱ ታካሚዎቹ «አንዱ ክፍሌ ይህን ይላል፣ ሌላው ይቃወመዋል» ሲሉ ሰማ። ስሙንም «ኢንተርናል ፋሚሊ ሲስተምስ» አለው፤ የውስጥ ቤተሰብ ሥርዓት ማለት ነው። ዋና መጽሐፉ በ1995 ታተመ።

እንደ እርሱ አስተምህሮ በእያንዳንዳችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ክፍሎች አሉ፦

1. አስተዳዳሪዎች፦ ጉዳት እንዳይመጣ ቀድመው የሚቆጣጠሩ። ሁሉን ፍጹም ለማድረግ የሚጨነቀው ክፍል ከእነዚህ ነው።
2. እሳት አጥፊዎች፦ ሕመም ሲቀሰቀስ በመጠጥ፣ በቁጣ ወይም በመብል ቶሎ ለማደንዘዝ የሚሮጡ።
3. ግዞተኞች፦ የቆየ እፍረትና ፍርሃት ተሸክመው ወደ ጓዳ የተገፉ።

«እኔነት» ግን ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ እነርሱን የሚያስተውልና የሚመራ ነው። መታወቂያዎቹ ስምንት ናቸው፦ እርጋታ፣ የማወቅ ጉጉት፣ ጥርት ያለ እይታ፣ ርኅራኄ፣ መተማመን፣ ድፍረት፣ ፈጠራና ከሌሎች ጋር መተሳሰር።

በተግባር እንዴት ይታያል?

ልጅዎ ላይ ጮኸው ተጸጸቱ እንበል። አማካሪው «ለዚያ ለተቆጣው ክፍል ምን ይሰማዎታል?» ይልዎታል። «እጠላዋለሁ» ካሉ፣ የተናገረው ሌላ ክፍል ነው፤ ፈቀቅ እንዲል ይጠየቃል። «ለምን እንደሚቆጣ ማወቅ እፈልጋለሁ» ማለት ሲችሉ ግን እኔነት እንደ ተገኘ ይቆጠራል።

ቃሉስ ምን ይላል?

ሐዋርያው ጳውሎስ የውስጡን ግጭት ገልጿል (ሮሜ 7፥15-25)። መዝሙረኛውም የገዛ ነፍሱን ለምን እንደ ተከዘች ይጠይቃታል (መዝ. 42፥5)። ይህ መጽሐፍ ቅዱስ ዘዴውን ያስተምራል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ውስጥን በእርጋታ መመርመር ለአማኝ እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሽዋርትዝ እኔነት በማንም ሰው ውስጥ ያልተጎዳ ሆኖ እንደሚኖር ያስተምራል። ቅዱስ ቃሉ ግን በእግዚአብሔር መልክ መፈጠራችንንም (ዘፍ. 1፥27)፣ ልባችን አታላይ መሆኑንም (ኤር. 17፥9) ይነግረናል። ስለዚህ እኔነት መንፈስ ቅዱስ አይደለም፤ አዳኝም አይደለም። አሊሰን ኩክና ኪምበርሊ ሚለር በ2018 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ክርስቲያን የሚፈልገው በመንፈስ የሚመራ ማንነትን እንደ ሆነ በማሳየት ዘዴውን ከእምነት ጋር ለማስማማት ሞክረዋል።

ራስን መካድም (ማቴ. 16፥24) የሕይወትን ጌትነት ለክርስቶስ መልቀቅ እንጂ፣ በውስጥ ያለውን ቁስል መጥላት አይደለም። ቁስሉን የደበቀ ሁሉ ተቀድሷል ማለት አይደለም።

ምን ያድርጉ?

• የአማካሪውን ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቁ፤ እምነትዎን ያከብር እንደ ሆነም ይወቁ።
• ዘዴው «ክፍል» የሚለው የራስን ስሜትና ሐሳብ ነው፤ ፍርሃትንና ቁጣን ሁሉ ክፉ መንፈስ ነው ብለው አይደምድሙ።
• የምርምር ማስረጃው ከቆዩት የሕክምና ዘዴዎች ጋር ሲነጻጸር ገና ጥቂት ነው። ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ ካለብዎ ወይም ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰሙ ሳይዘገዩ ሐኪም ይዩ።

በጎ የሆነውን እንያዝ፤ መድኃኒታችን ግን ጌታ ኢየሱስ ብቻ መሆኑን አንርሳ። ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን!