ዕድል ነው ወይስ እውነት? ከሻይ ስኒ እስከ አራት ኪሎ ሰሌዳ

ጠዋት በአራት ኪሎ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ወጣቶች የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከበው አድራሻ ይገለብጣሉ። ብዙዎቹ ከከተማዋ ዳር ታክሲ ቀያይረው የመጡ ናቸው። እኔም ዲግሪዬን ይዤ እዚያ ቆሜያለሁ። ያኔ ወደ ፒያሳ በእግር ስንወርድ የማይቀር ወሬ ነበረን፦ «የታክሲ ብር ቢኖረን እኮ ሥራ እናገኝ ነበር።»

እውነት ነበር ወይስ መጽናኛ? እንዲህ ያለውን ጥያቄ መለያ ዘዴ የራሱ ታሪክ አለው።

በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ ሙሪየል ብሪስቶል የተባለች ተመራማሪ «ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳ በኋላ፣ በጣዕሙ እለያለሁ» አለች። ባልደረባዋ ሮናልድ ፊሸር ነገሩን ወደ ፈተና ቀየረው፤ በ1935 ባሳተመው መጽሐፍም ተነተነው። ስምንት ስኒ ይቀርባል፤ አራቱ ወተት የቀደመባቸው ናቸው። በግምት ብቻ አራቱንም መርጦ የማውጣት ዕድል ከ70 አንድ ነው፤ 1.4 በመቶ ገደማ። አንድ ስኒ ብትስትስ? በግምት ብቻ ቢያንስ ሦስቱን የማግኘት ዕድል ወደ 24 በመቶ ያሻቅባል። ያ ማንንም አያሳምንም።

ፒያሳ ቶሞካ ቆሞ «የሐረርንና የይርጋጨፌን ቡና ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ» የሚል ወዳጅ ካላችሁ በዚሁ መንገድ ፈትኑት። መጀመሪያ «አይለይም» ብላችሁ ተነሱ። ይህ ባዶ መላምት ይባላል። ውጤቱ በዕድል ብቻ እምብዛም የማይገኝ ከሆነ መላምቱን ትጥላላችሁ። «ጉልህ» የሚባለው ይኸው ነው። የተለመደውን የ5 በመቶ መስመር ያስፋፋው ፊሸር ነው፤ ለአሠራር ስለሚመች እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ ስለሆነ አይደለም።

ነገሩ ከፍርድ ቤት ጋር ይመሳሰላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ተከሳሽ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል። በነጻ ተሰናበተ ማለት ግን ሁልጊዜ አላደረገም ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃም ማለትም ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ታክሲው ብር እንመለስ። ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ ሦስት ሺህ ገደማ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ሥራ መፈለጊያ የትራንስፖርት ድጎማ ሰጡ። ሌላውን ለማመልከቻና ለቃለ መጠይቅ አዘጋጁ፤ ችሎታውን ፈትነውም የምስክር ወረቀት ሰጡት። ሦስተኛው ለማነጻጸሪያ ያለ ድጋፍ ቀረ። ዕጣው ወሳኝ ነው፤ ያለዚያ ልዩነቱ የድጎማው ይሁን የወጣቶቹ ትጋት አይታወቅም።

ጥናቱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ድጋፎች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን ከፍ አደረጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርቱ ውጤት ደብዝዟል፤ ሥልጠናና ምስክር ወረቀት ያገኙት ገቢያቸው ጉልህ በሆነ ደረጃ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ ወሬያችን ግማሽ እውነት ነበር። ታክሲው ሰሌዳው ድረስ አደረሰ፤ ዘላቂውን ለውጥ ያመጣው ግን ችሎታን ለቀጣሪ ማሳየት መቻል ነው።

ይህ የበጀት ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡ የት ይዋል የሚል። ስለዚህ «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ልዩነቱ ስንት ብር ነው? ጉልህ የተባለ ሁሉ ትልቅ አይደለም። ሁለተኛ፣ ስንት ነገር ተፈተነ? ምንም ለውጥ በሌለበት 20 ነገር ብትፈትኑ በ5 በመቶ መስመር በአማካይ አንዱ በዕድል ብቻ «ጉልህ» ይወጣል። ሦስተኛ፣ «ጉልህ አይደለም» ሲባል ውጤት የለም ማለት ነው ወይስ ናሙናው አነሰ? የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበርም በ2016 ያስጠነቀቀው ከዚህ የራቀ አልነበረም፦ ይህ ቁጥር ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

እኛ ጋዜጠኞች አምስት ሰው አነጋግረን «ወጣቱ እንዲህ ይላል» ብለን እንጽፋለን። እኔም ጽፌያለሁ። ሰሌዳው ሥር ለቆመው ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ይገባዋል።