የላፕቶፑ ባለቤት ማን ነው? የመቶ ሚሊቮልት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2019 የእንግሊዙ በርሚንግሃም፣ የቤልጂየሙ ሉቨንና የኦስትሪያው ግራዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች «ፕለንደርቮልት» ብለው የሰየሙትን የኮምፒውተር ጥቃት ይፋ አደረጉ። ወሬው ከደህንነት ባለሙያዎች ሰፈር ብዙም አልራቀም። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጥቃቱ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ላፕቶፓቸው እንደ ምጣድ ሲግልና ማራገቢያው ሲጮህ አገኙት። የተበላሸ ዕቃ አልነበረም። ለዓመታት ክፍት የነበረ በር ተዘግቶ ነው።

በሩ ምን ነበር? ነገሩ የሚጀምረው ከሙቀት ነው። በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ ትራንዚስተር ባነሰ ቁጥር ቮልቴጁም አብሮ ቢቀነስ ቺፑ ሳይግል መፍጠን እንደሚችል አሳዩ። ኢንዱስትሪው ሠላሳ ዓመት ገደማ በዚሁ መንገድ ተጓዘ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ቮልቴጁ ከዚህ በታች አልወርድ አለ፤ ሙቀትም የሁሉም ራስ ምታት ሆነ፣ በተለይ የቀጭን ላፕቶፕ።

እዚህ ላይ ተጠቃሚው አንድ ነገር አስተዋለ። ከአንድ ፋብሪካ የሚወጡ ቺፖች መንትያ አይደሉም፤ አንዱ በትንሽ ቮልት ይሠራል፣ ሌላው ጨመር ያለ ይፈልጋል። አምራቹ ደግሞ ደካማው እንዳይወድቅ ሲል ለሁሉም ዳጎስ ያለ መጠን ይመድባል። ቺፑ ለሥራው የሚያወጣው ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ ከ1.1 ወደ 1.0 ቮልት መውረድ ፍጥነቱን ሳይነካ 17 በመቶ ገደማ ይቆጥባል። «አንደርቮልት» የሚባለው ይኸው ነው። በ2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም በ1.6 ጊጋኸርዝ 1.484 ቮልት፣ በ600 ሜጋኸርዝ ደግሞ 0.956 ቮልት ተመድቦለት ነበር። የሊኑክስ ሰዎች ይህን ሠንጠረዥ ራሳቸው አረሙት፤ የዊንዶውስ ሰዎችም ለዚሁ የሚሆን ፕሮግራም አላጡም። ከ2013ቱ ሃስዌል ወዲህ ሥራው ይበልጥ ቀለለ። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ አንድ ሬጂስተር ላይ ለምሳሌ «100 ሚሊቮልት ቀንስ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ኢንቴል ግን ይህን ሬጂስተር ለሕዝብ በሚያወጣው መመሪያ አላሰፈረውም ነበር።

ችግሩ ትእዛዙ አለመርጋቱ ነው። ሬጂስተሩ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይረሳል፤ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ሲነቃም ይረሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ትእዛዙን የሚደግም ነገር መትከል ነበረበት፤ በዊንዶውስ የጊዜ መርሐ ግብር፣ በሊኑክስ ደግሞ ከእንቅልፍ መልስም የሚሠራ አገልግሎት። አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ይህ መርሳት ጥበቃም ነበር። አብዝቶ የቀነሰ ሰው ማሽኑ ቢደርቅበት አጥፍቶ ያበራዋል፣ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ቁጥሩን ለቀናት ሳይፈትኑ በራሱ እንዲነሳ የማያደርጉት።

ፕለንደርቮልት የመጣው በዚሁ በር ነው። ኢንቴል ኤስጂኤክስ የሚባል ሚስጥር መጠበቂያ ክፍል በቺፖቹ ውስጥ ሠርቶ ነበር፤ የማሽኑ አስተዳዳሪ እንኳ እንዳያየው ታስቦ። ተመራማሪዎቹ ክፍሉ ሲያሰላ ቮልቴጁን በልክ ዝቅ አድርገው ስሌቱን አሳሳቱት፤ ከስህተቱም የምስጠራ ቁልፎችን አወጡ። ድንቅ ሥራ ነው፣ አደጋውም እውነተኛ ነው። ሆኖም ጥቃቱ የማሽኑን ሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል። በግል ላፕቶፕ ላይ ያ ሥልጣን ያለው ብዙውን ጊዜ ማን ነው? የገዛው ሰው። ተመራማሪዎቹም ኤስጂኤክስን የማይጠቀም ሰው ምንም ማድረግ እንደማይጠበቅበት ገልጸው ነበር።

የመጣው መድኃኒት ግን እንዲህ አልለየም። ኢንቴል ቮልቴጅ መቀነሻውን ለመቆለፍ የሚያስችል ማሻሻያ አወጣ፣ ላፕቶፕ አምራቾችም በባዮስ ዝማኔ አከፋፈሉት። አንዳንዱ ዝማኔ ከዊንዶውስ ዝማኔ ጋር ተያይዞ ባለቤቱ ሳያስተውለው ገባ። ጠዋት የሚደገመው ትእዛዝ እንደ ወትሮው ይጻፋል፣ ቁጥሩ ግን ዜሮ ላይ ይቀራል። ወደ ቀድሞው ባዮስ መመለስ የቻሉ ተመለሱ፤ አንዳንድ ማሽን ግን ወደ ኋላ አይፈቅድም። የባለቤቱ ቅንብር በየቀኑ ሲረሳ፣ የአምራቹ ቁልፍ ከመብራት መጥፋትም በኋላ ይቆያል።

ኤስጂኤክስስ? በግል ኮምፒውተር ላይ ከታወቁት ጥቂት ጥቅሞቹ አንዱ ባለ 4ኬ ብሉሬይ ፊልም ማጫወት ነበር። ኢንቴል በ2021 ከ11ኛው ትውልድ ኮር ጀምሮ ከተራ ተጠቃሚ ቺፖቹ አወጣው፤ በሰርቨሮቹ ላይ ግን ቀጠለ። ጥቂት አምራቾች በባዮስ ውስጥ መክፈቻ አስቀመጡ፤ ብዙ ላፕቶፖች ግን የሚጠበቀው ክፍል ከአዲሶቹ ቺፖች ከወጣ በኋላም እንደተቆለፉ ናቸው።