ስብስብ ያልነበራቸው ቋንቋዎች

የፕሮግራም ቋንቋ ስብስብን (አባላቱ የማይደገሙበትን የውሂብ ዓይነት) ከመነሻው ካልያዘ ጎደሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ ግን ሌላ ያሳያል። ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ፓስካል ስብስብ ነበረው፤ ሆኖም እያንዳንዱ አባል በአንድ ቢት ስለሚወከል የሰዎች ስም ዝርዝር አይገባበትም ነበር። በ1987 የወጣው የላሪ ዎል ፐርል ስብስብ አልነበረውም፤ ተጠቃሚዎቹ ግን አባላቱን የሃሽ (ቁልፍን ከዋጋ ጋር የሚያጣምር ሰንጠረዥ) ቁልፍ የማድረግን መላ ለመዱ። ቁልፍ ስለማይደገም ድግግሞሽ በራሱ ይጠፋል፤ የአንድ አባል መኖርም ዝርዝሩ ሁሉ ሳይታሰስ ይታወቃል። ለኅብረት የሁለቱን ስብስቦች ቁልፎች በአንድ ሃሽ ማኖር ይበቃል። ለጋራ አባላት የአንዱን ቁልፎች በሌላው ውስጥ መኖራቸውን መፈተሽ፣ ለልዩነት ደግሞ በሌላው የሌሉትን ብቻ መያዝ ነው።

መላው ይህን ያህል ከሠራ ፓይተን በ2003 የስብስብ ሞጁል፣ በ2004 ደግሞ አብሮ የተሠራ ስብስብ ለምን ጨመረ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁልፉ ብቻ ሲፈለግ የማይረባ ዋጋ ማስከተል የጸሐፊውን ሐሳብ ይሸፍናል፤ ሁሉም ያንኑ ተግባር በየራሱ ሲጽፍም ስሕተት ይበዛል። ነገር ግን የ2003ቱ ሞጁል ራሱ አባላቱን ያስቀመጠው በዲክሽነሪ፣ ማለትም በፓይተን ሃሽ፣ ቁልፎች ነበር። ስለዚህ ልማዱን የጉድለት መሸፈኛ ማለት ስሕተት ነው፤ የኋለኛው ስብስብ ንድፍ የተገኘው ከእርሱ ነው። በ2009 ይፋ የሆነው ጎ ዛሬም አብሮ የተሠራ ስብስብ የለውም፤ ተጠቃሚዎቹ በማፕ፣ ማለትም በጎ ሃሽ፣ ቁልፎች ይሠራሉ።