«ዶክተር፣ ይሄ ሕግ እዚህ አይሠራም»

ይህን ያለችኝ በስኮትላንድ አንድ ሆስፒታል ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት የዋርዱ ኃላፊ ነርስ ናት። ከዚያ በፊት እንግሊዝ ውስጥ ሦስት ዓመት ስለሠራሁ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አንድ አዛውንት መርምሬ ስለ ሕክምናቸው ራሳቸው መወሰን እንደማይችሉ ካርዳቸው ላይ ስጽፍ በ2005 የወጣውን የእንግሊዝ ሕግ ጠቀስኩ። ነርሷ ካርዱን መለሰችልኝና የኤዲንብራ ፓርላማ በ2000 ያወጣውን ሕግ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። እዚያ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ሐኪሙ በአንቀጽ 47 መሠረት ቅጹን ሞልቶ መፈረም አለበት። አፈርኩ። አንድ ዘውድ፣ አንድ ፓስፖርት፣ ሁለት ሕግ። እኛ አገር ደግሞ ሁሉንም ጠቅልለን «እንግሊዝ» ነው የምንለው።

ባለፈው ስንገናኝ ይህን ሳወራ ከባቻችን አንዱ «ያው ፌዴራሊዝም ማለት ነዋ!» አለኝ። አይደለም አልኩት፤ ግን ምሳው አለቀና ሳልጨርስለት ቀረሁ። እነሆ ቀሪው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንድና እንግሊዝ በ1707 ፓርላማቸውን አንድ ሲያደርጉ ስኮትላንድ ሕጓን፣ ፍርድ ቤቷንና ቤተ ክርስቲያኗን ይዛ ነው የገባችው። ስለዚህ ለንደን ላይ የሚወጣው ሕግ ብዙ ጊዜ ለስኮትላንድ ለብቻው መጻፍ ነበረበት። በ1885 የስኮትላንድን ጉዳይ የሚይዝ ራሱን የቻለ ሚኒስትር ተሾመ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1912 በሰር ጆን ዲዋር የሚመራ ኮሚቴ ወደ ሰሜኑ ተራሮችና ደሴቶች ሄደ። ያገኘው ነገር ገጠር ተመድቦ ለሠራ ለማንኛችንም አዲስ አይደለም። ሐኪሙ አንድ ታካሚ ቤት ለመድረስ በጀልባና በእግር ቀኑን ይፈጃል፤ ታካሚው የሚከፍለው የለውም፤ ሐኪሙም ራሱ ችግረኛ ነው፤ ብዙ ሰው ሐኪም ሳያየው ሞቶ ይቀበራል። በ1913 ሕግ ወጣና ከለንደን ግምጃ ቤት በዓመት 42,000 ፓውንድ ተመደበ፤ የሚያስተዳድረው ግን ለዚሁ የተቋቋመ የስኮትላንድ ቦርድ ሆነ። ለሐኪሙ መነሻ ገቢ ተረጋገጠለት። የታካሚው ክፍያ ደግሞ ቤቱ ቅርብም ይሁን ሩቅ አነስተኛና እኩል ተደረገ። ነርሶች ተቀጠሩ፤ በ1933 የአየር አምቡላንስ እንኳን ተጀመረ። (ይህ ዲዋር የውስኪው ቤተሰብ ነው። በኋላ የመጀመሪያው ፈርስት ሚኒስትር የሆኑት ዶናልድ ዲዋር ሌላ ናቸው፤ እኔ እንኳ ለረጅም ጊዜ አደባልቃቸው ነበር።)

ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱ የተጀመረው ከዚህ 35 ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። ያኔም ስኮትላንድ የገባችው በራሷ የ1947 ሕግ ነበር። እንግዲህ ፓርላማው ከመምጣቱ በፊት ሥራው ወርዶ ነበር ማለት ነው።

ፓርላማውማ ብዙ አስለቀሰ። ማርች 1 ቀን 1979 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ድምፅ ከሰጡት 51.6 በመቶው «አዎን» አሉ። ነገር ግን ከተመዘገበው መራጭ ሁሉ 40 በመቶው ካልደገፈው አይጸድቅም የሚል አንቀጽ አስቀድሞ ተሰንቅሮ ነበር፤ የተገኘው 32.9 በመቶ ብቻ ሆነ። ቤቱ የቀረ ሰው «አይሆንም» እንዳለ ተቆጠረ ማለት ነው። በዚያው ወር የካላሃን መንግሥት በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ፤ ጉዳዩም 18 ዓመት ተኛ። በሴፕቴምበር 1997 እንደገና ሲጠየቅ 74.3 በመቶው ደገፈ። ጁላይ 1 ቀን 1999 ኤዲንብራ ሥልጣኗን ተረከበች።

ምን አደረገችበት? ማርች 2006 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለች፤ እንግሊዝ የተከተለችው በጁላይ 2007 ነው። በዘጠኝ የስኮትላንድ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመም የሚተኛው ሰው ከዓመት በፊት ከነበረው በ17 በመቶ ቀነሰ። ሕጉ ገና ባልወጣባት እንግሊዝ በዚያው ጊዜ የቀነሰው 4 በመቶ ነበር። ለጥናት ብለን ብናቅደው እንኳ እንዲህ ያለ ማወዳደሪያ አናገኝም።

አሁን ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። ከላይ ሲታይ በእርግጥ ይመሳሰላል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው ይላል። የ1998ቱ የስኮትላንድ ሕግም ለለንደን የተያዘውን ዘርዝሮ ሌላውን ለኤዲንብራ ይተዋል። ነገር ግን አንቀጽ 28 ንዑስ 7 ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የለንደኑ ፓርላማ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑ አልተነካም። ፌዴሬሽን ላይ ሥልጣኑን ለሁለቱም የሚያካፍላቸው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ለሌላው የሰጠው ነው። በ2016 «ስኮትላንዳውያን በሕዝበ ውሳኔ ካልወሰኑ በቀር ፓርላማው አይፈርስም» የሚል ሕግ ወጣ፤ ያም ቢሆን የለንደን ሕግ ነው።

ይህ የወረቀት ክርክር የሚመስለው ሰሜን አየርላንድን ይይ። ከ1921 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ነበራት። በ1972 ሁከቱ ሲበረታ ለንደን በአንድ ሕግ አገደው፤ በዓመቱም ጨርሶ ሰረዘው። ግማሽ ምዕተ ዓመት የኖረ ፓርላማ! በ1998ቱ ስምምነት የተቋቋመው ምክር ቤትም በራሷ ፓርቲዎች ጠብ ደጋግሞ ቆሟል። ቤልፋስት የሚሠራ አንድ የባቻችን ልጅ በ2023 ስደውልለት «ወረፋው መያዣ መጨበጫ የለውም፤ የምንጮህበት የጤና ሚኒስትር እንኳ የለንም» ይለኝ ነበር። ሚኒስትሮች የተመለሱት በፌብሩዋሪ 2024 ነው።

«ፌዴራሊዝም ነው» ያልከኝ ወዳጄ፣ ዘንድሮ ምሳ ላይ ከጎኔ ተቀመጥ። የዌልስን ገና አልነገርኩህም።