ስሕተት የሚችል ብረት፦ የጎልፍ አይረን ታሪክ

አይረን የሚባለው የጎልፍ ዱላ ኳሷን የሚመታው ክፍሉ (ራሱ) ከብረት የተሠራ፣ ፊቱ ጠፍጣፋና ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ኳሷን ከሣር ላይ አንሥቶ ወደ ተፈለገው ርቀት የሚሰድ መሣሪያ ነው። ኳሷ የፊቱን መሐል ካገኘች አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ማንኛውም አይረን ሥራውን ይሠራል። ልዩነቱ የሚታየው ምቱ ከመሐል አንድ ጣት ያህል ሲስት ነው። አንዱ ዱላ ኳሷን ከታሰበላት ቦታ በብዙ አሳጥሮ ወደ ጎን ይጥላታል፤ ሌላው ጥቂት ርቀት ብቻ ቀንሶ መስመሯን ያስይዛታል። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ቻይ አይረን ነው። ዛሬ ለአማተር ተጫዋች የሚሸጠው አይረን አብዛኛው የዚህ ወገን ነው፤ ዳሩ ግን ጎልፍ ካስቆጠረው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ዱላ ድርሻ ስድሳ ዓመት ገደማ ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ጎልፍ በስኮትላንድ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታወቀ ጨዋታ ነበር። በ1457 የንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ፓርላማ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ በጎልፍና በእግር ኳስ ጊዜውን እንዳያጠፋ ከለከለ። ክልከላው ግን አልዘለቀም፤ በ1502 የንጉሡ የልጅ ልጅ አራተኛው ጄምስ በፐርዝ ከተማ ከነበረ ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላ መግዛቱ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ሰፍሯል። ዱላ መሥራት የእንጨት ጠራቢ ሙያ ስለነበረ ቀስት ሠሪው ዘንድ መኬዱ አያስገርምም። ከብረት የሚሠሩት ጥቂት ዱላዎች የመንደር ቀጥቃጭ እጅ ሥራ ሲሆኑ፣ ከባድና ወፍራም ነበሩ። ተጫዋቹም የሚያወጣቸው ኳሷ በጋሪ ጎማ ቦይ፣ በድንጋይ መካከል ወይም በአሸዋ ውስጥ ስትገባበት ብቻ ነበር።

ብረት የተሸሸበት ምክንያት ኳሷ ራሷ ነበረች። የዚያ ዘመን ኳስ በቆዳ ከረጢት ውስጥ የተቀቀለ ላባ ተጠቅጥቆ የምትሰፋ ነበረች። አንድ ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ቢደክም የሚያወጣው ጥቂት ኳስ ብቻ ስለሆነ ዋጋዋ ከዱላ ዋጋ ጋር የሚፎካከር ነበር። የብረት ጠርዝ በስፌቷ ላይ ካረፈ ኳሷ ትቀደዳለች። ስለዚህ ብረት የሚያበዛ ተጫዋች ገንዘቡን ያባክን ነበር።

ይህ የተለወጠው በ1848 ገደማ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የእስያ ዛፍ ሙጫ የተሠራ ኳስ ሲመጣ ነው። ሙጫው በሙቅ ውሃ ለስልሶ በእጅ ይድቦለቦላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ቢሰበር እንኳ እንደገና ተለስልሶ ይሠራል። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩዝ ከተማ ስመ ጥር ተጫዋችና የላባ ኳስ ሠሪ አለን ሮበርትሰን አዲሷን ኳስ አጥብቆ ተቃወማት፤ አብሮት ይሠራ የነበረው ቶም ሞሪስም በዚሁ ሰበብ ከእርሱ ተለይቶ ወጣ። የኋላ ኋላ ሮበርትሰንም እጁን ሰጠ። ብረት የማይቀድዳት ኳስ ስትገኝ አይረን ከአደጋ ጊዜ መሣሪያነት ወደ ዕለታዊ ዱላነት ተሸጋገረ። እንዲያውም በብረት ተመትታ የተጫረች ኳስ ከለስላሳዋ ይልቅ ቀጥ ብላ እንደምትበር ታየ፤ ከዚያ በኋላ ሠሪዎቹ ራሳቸው ኳሷን እየጫሩ መሸጥ ጀመሩ።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ አይረን መቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ሴንት አንድሩዝ የሚገኘው የቶም ስቱዋርት ቤት በዱላው ጀርባ ላይ የፒፓ ምልክት ያትም ነበር፤ ገዢውም ምልክቱን አይቶ ሠሪውን ይለያል። ዱላዎቹ በቁጥር ሳይሆን በስም ይጠሩ ነበር፤ ክሊክ ለሩቅ፣ ማሺ ለመካከለኛ፣ ኒብሊክ ለአጭርና ለአሸዋ። ሁለት ማሺዎች ከአንድ ቤት ቢወጡም ክብደታቸውና ዝንባሌያቸው እኩል አይሆንም፤ መዶሻው እንደመታው ነው። ዘንጉም ከአሜሪካ ከሚመጣ ሂኮሪ ከሚባል እንጨት የሚሠራ ስለነበረ አንዱ ደረቅ፣ ሌላው ተጣጣፊ ይሆናል። ተጫዋች ዱላ የሚሰበስበው አንድ በአንድ እየሞከረ ነበር። እጁ ለዱላው ይገራል እንጂ ዱላው ለእጁ አይሠራም።

የኢንዱስትሪው ዘመን ይህን ልዩነት አስወገደ። በ1898 አሜሪካዊው ኮበርን ሃስከል የተለጠጠ የጎማ ክር የተጠቀለለባት ኳስ ፈለሰፈ፤ ይህች ኳስ ከጉታ ፐርቻዋ ርቃ ትሄዳለች፣ እጅንም አታሳምምም። ቀጥሎ የብረት ዘንግ መጣ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር በ1924፣ ሴንት አንድሩዝ የሚገኘው የሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ ደግሞ በ1929 ፈቀዱት። የብረት ዘንግ ከፋብሪካ እኩል ሆኖ ይወጣል፤ የዱላው ራስም በማሽን መዶሻ በቅርጽ እየተቀጠቀጠ እኩል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለሩቅ ምት ከሚሆነው ሎንግ አይረን ለአጭር ምት እስከሚሆነው ዌጅ በቁጥር የተደረደረ ሙሉ ስብስብ መሸጥ ተቻለ፤ ክሊክና ማሺ የሚሉት ስሞችም ለቁጥር ቦታ ለቀቁ። ተጫዋቾች ከሃያ በላይ ዱላ ማሸከም ሲጀምሩ የአሜሪካው ማኅበር በ1938 ቁጥሩን በ14 ወሰነ፤ ሮያል ኤንድ ኤንሸንትም በዓመቱ ተከተለው።

እኩልነቱ ቢገኝም ቅርጹ ከቀጥቃጩ ዘመን ብዙም አልራቀም። ራሱ ስስና ትንሽ ነበር፤ የብረቱ ክምችትም ከፊቱ መሐል ጀርባ ነበር። ይህ ዓይነቱ አይረን ምላጭ ይባላል። ኩባንያዎቹ የሚያስተዋውቁት በሻምፒዮኖች ስም ነበር፤ ቦቢ ጆንስ በ1930 ከውድድር ከተሰናበተ በኋላ ስፖልዲንግ በስሙ ያወጣው ስብስብ ለብዙ ዓመታት ተሸጧል። ሻምፒዮኑ የፊቱን መሐል ደጋግሞ ስለሚያገኝ በስስ ብረት መጫወት አይከብደውም። አማተሩ ግን የሻምፒዮኑን ዱላ ሲገዛ የሻምፒዮኑን እጅ አብሮ አልገዛም።

የችግሩ ምንጭ የክብደት አቀማመጥ ነው። ኳሷ ከዱላው ራስ የክብደት ማዕከል ትክክል ካልተመታች ራሱ በማዕከሉ ዙሪያ ይዞራል። ከዘንጉ በራቀው ጫፉ በኩል ስትመታ ፊቱ ይከፈታል፣ ለዘንጉ በቀረበው ተረከዙ በኩል ስትመታ ይዘጋል። በመዞር የጠፋው ጉልበት ለኳሷ አይደርስም፤ የተረፈውም ወደ ተጣመመ አቅጣጫ ይሄዳል። ክብደቱ መሐል ላይ ሲከማች ራሱ በቀላሉ ይዞራል፤ ወደ ሁለቱ ዳር ሲከፈል ግን መዞርን ይቋቋማል። ሁለት ጀሪካን በጫፍና ጫፉ የተንጠለጠለበትን ዘንግ በእጅ ለማዞር የሞከረ ሰው፣ ጀሪካኖቹ መሐል ላይ ቢሆኑ ኖሮ ሥራው ምን ያህል እንደሚቀል ያውቀዋል።

ይህን ሐሳብ ወደ ጎልፍ ዱላ ያመጣው ካርስተን ሶልሃይም ነው። በ1911 በኖርዌይ በርገን ከጫማ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደ፤ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ ተወሰደና በሲያትል አደገ። ራሱም ጫማ እያደሰ ከኖረ በኋላ በአውሮፕላን ፋብሪካ፣ ከዚያም በጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሆነ። ጎልፍ የጀመረው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ጋብዘውት ነው። ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚገፋው ዱላ፣ ፓተሩ፣ በእጁ ውስጥ እየዞረ አስቸገረው። በ1959 በካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ በሚገኘው ቤቱ ጋራዥ ክብደቱ ወደ ጫፍና ወደ ተረከዝ የተከፈለ ፓተር ሠራ፤ ሲመታ ከሚያሰማው ድምፅም ፒንግ ብሎ ሰየመው። በ1967 የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሥራውን ለቆ በፊኒክስ፣ አሪዞና በፒንግ ስም የሚታወቀውን የራሱን ፋብሪካ አቋቋመ።

አይረኑ ላይ ያደረገውም ይህንኑ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቀጠቀጡ ራሶችን ጀርባ በማሽን ቦርቡሮ ብረቱን ከመሐል አወጣ፤ በመሐል የተቆጠበው ክብደት ወደ ዳር ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። መዶሻ ግን እንዲህ ያለ ጎድጓዳ ጀርባ በቀላሉ አያወጣም። መፍትሔው ከጥንት ጀምሮ ጌጥና ሐውልት ሲሠራበት የኖረው የሰም ቅርጽ ስልት ሆነ። መጀመሪያ የዱላው ራስ አምሳያ በሰም ይፈሳል። ሰሙ በሸክላ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ደጋግሞ ይነከርና ሽፋኑ ይደርቃል። ከዚያ ይሞቃል፤ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶው ቅርፊት ይቀራል። የቀለጠ የማይዝግ ብረት ይፈስበታል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርፊቱ ተሰብሮ ራሱ ይወጣል። በ1969 ለገበያ የቀረበው ኬ1 አይረን በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። መልኩ እንግዳ፣ ወፍራምና ጎድጓዳ ስለነበረ ስስ ብረት የለመደ ዓይን ተጸየፈው።

ሶልሃይም በዚህ አልቆመም። ዘንጉ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከተጫዋቹ ቁመትና ክንድ ጋር ካልተስማማ ጥሩ ምትም እንደሚጣመም ስላየ ለማዕዘኑ የቀለም ነጥብ መደበ። ጥቁር ነጥብ መደበኛው ሲሆን ሌሎቹ ቀለሞች ቀጥ ያለ ወይም የተኛ መሆኑን ይናገራሉ። ዱላን በሰው ልክ መስጠት ከዚህ ወዲህ ተራ ሰውም የሚጠይቀው አገልግሎት ሆነ።

በ1982 የወጣው ፒንግ አይ2 ሐሳቡን ከአሜሪካ አልፎ በዓለም ዙሪያ አሰራጨ፤ አብሮትም ጠብ መጣ። በሰም ቅርጽ ሲሠራ የአይረኑ ፊት ላይ የሚወጣው ጭረት እንደ ዩ ፊደል ታቹ ሰፊ ነው፤ የአሜሪካው ማኅበርም በ1984 ይህን ዓይነት ጭረት ፈቀደ። ሆኖም ስል ጠርዙ የኳሷን ሽፋን ስለሚፍቅ ሶልሃይም ጠርዙን አዶለዶመው። ያኔ በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት ከየት እስከ የት ይለካል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ማኅበሩ ዱላው ከደንብ ውጪ ነው አለ፤ ሶልሃይም በ1989 ከሰሰ፤ በ1990ም ታረቁ። ቀድሞ የተሠሩት አይ2ዎች ሕጋዊ ሆነው ቀሩ፤ ኩባንያው ደግሞ ከዚያ ወዲህ የሚሠራቸውን እንዲያስተካክል ተስማማ። የዕርቁ ውጤት ሃያ ዓመት ቆይቶ ታየ። በ2010 አዲስ የጭረት ደንብ ሲወጣ ፊል ሚክልሰንን ጨምሮ ጥቂት ፕሮፌሽናሎች በዚያ ዕርቅ የተጠበቀውን አሮጌ አይ2 ዌጅ አውጥተው ተጫወቱበት፤ ፒንግ መብቱን በፈቃዱ እስኪተውም ክርክሩ ዘለቀ።

ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጎድጓዳ ጀርባ የሁሉም ኩባንያ ሥራ ሆነ። ካላዌይ በ1991 ቢግ በርታ የተባለውን ሰፊ ራስ ያለው የረጅም ምት ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ በ1994 ደግሞ በዚሁ ስም አይረኑን አወጣ። ኋላ ፊቱ ስስ ሆኖ እንደ ስፕሪንግ የሚተጣጠፍ፣ ውስጡ ባዶ ወይም በላስቲክ የተሞላ፣ በዳሩ ደግሞ ከባዱ ተንግስተን የተቀበረበት አይረን መጣ። ለማንሣት የሚያስቸግሩትን ሎንግ አይረኖች ሃይብሪድ የሚባሉት ወፍራም ራስ ያላቸው ዱላዎች ተኳቸው።

ከዚሁ ጋር አንድ ዘዴ ተስፋፋ። የክብደት ማዕከሉ ወደ ታች ሲወርድ ኳሷ ከፍ ብላ ስለምትነሣ፣ ሠሪዎቹ ከፍታው ሳይጎድል የፊቱን ዝንባሌ ቀነሱ፤ ኳሷም ራቀች። ቀድሞ 36 ዲግሪ ገደማ የነበረው 7 ቁጥር ዛሬ በብዙ ስብስብ 30 ዲግሪና ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ አዲሱን 7 ከአሮጌው 7 ጋር በርቀት ማወዳደር ብዙ ጊዜ 6ን ከ7 ጋር ማወዳደር ነው። ዳፋውም ከታች ይመጣል፤ የመጨረሻው አይረን ዝንባሌው ሲቀንስ በእርሱና በዌጁ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱንም ለመሙላት ሌላ ዌጅ መግዛት ግድ ይሆናል።

ቻይነት በነጻ አይመጣም። መሬት የሚነካው ታቹ (እግሩ) ሰፊ የሆነ አይረን በለስላሳ አፈር ላይ አይሰምጥም፤ በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ግን ሊነጥር ይችላል። ፊቱ ከዘንጉ መስመር ወደ ኋላ የገባ ዱላ ኳሷን ወደ ቀኝ የሚያጣምምን የቀኝ እጅ ተጫዋች ይረዳዋል፤ ወደ ግራ የሚያጣምመውን ግን ያባብስበታል። ትልቅ ራስ ኳሷን ሆን ብሎ ማጠማዘዝ ለሚፈልግ ባለሙያ እንቅፋት ነው፤ ምላጩ እስከ ዛሬ በጥቂት ሻምፒዮኖች ቦርሳ ውስጥ የቀረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አማተሩ ሲመርጥ ከዋጋውና ከኩባንያው ስም በፊት የሚጠይቀው ምቱ የት እንደሚያርፍ ነው። የዱላው ፊት ላይ ነጭ ዱቄት ነስንሶ ደርዘን ያህል ኳስ ቢመታ አሻራው ይነግረዋል። አሻራው ከጫፍ እስከ ተረከዝ የተበታተነ ከሆነ ጎድጓዳ ጀርባና ሰፊ እግር ያለውን ይውሰድ፤ መሐል ላይ የተሰበሰበ ከሆነ ትንሹን ራስ ለመሞከር ይችላል። ርቀት ሲያወዳድርም በዱላው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን ዲግሪውን ይጠይቅ። የዘንጉ ርዝመትና ማዕዘን ለቁመቱ የሚስማማ ከሆነ ደግሞ የሠላሳ ዓመት አሮጌ ጎድጓዳ አይረን እንኳ ልኩ ካልሆነ አዲስ ምላጭ ይሻለዋል።