ጎማ ያፈረሰው ጣሪያ

ይህን ከማንበባችሁ በፊት አንድ ቀላል ሙከራ ሞክሩ። ላጲስ ውሰዱና ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርጋችሁ ወደ ጎን ግፉት። ይንቀረፈፋል፣ አልሄድም ይላል። አሁን ደግሞ አንድ ሳንቲም በዚያው ጣት፣ በዚያው ጉልበት ግፉ። ሸርተት ብሎ ይሄዳል። በጣታችሁ የተሰማችሁ ይህ ልዩነት በአንድ ወቅት መሐንዲሶችን ያከራከረና የመኪና ውድድርን ታሪክ የለወጠ ነገር ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ አንድ ስፖርት መኪና ከቆመበት ሲነሳ ምን ያህል ሊፈጥን ይችላል? ብዙዎቻችን ወዲያው "ሞተሩ ይወስነዋል" እንላለን። ግን ጉልበተኛ መኪና ነዳጅ በአንዴ ሲሰጠው ያያችሁ ታውቃላችሁ። ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል፣ ጭስ ይነሳል፣ ጩኸት ይሰማል፣ መኪናው ግን እዚያው ነው። አጠገቡ ያለው ደካማ መኪና ኮሽ ሳይል ጥሎት ይሄዳል። ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ አስፋልቱን መያዝ ያልቻለው ጎማው ነው።

የድሮው ሕግ

በ1699 ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን ስለ ሰበቃ ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛ፣ ሰበቃ ከሚጫነው ክብደት ጋር እኩል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ የሚነካካው ገጽ ስፋት ለውጥ አያመጣም። በ1785 ደግሞ ሻርል ኩሎም በሰፊ ሙከራ አጠናከረው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጥንድ ቁስ የራሱ "የሰበቃ ቁጥር" ተሰጠው። ቁጥሩ 0.5 ከሆነ 100 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከመንሸራተቱ በፊት የ50 ኪሎ ያህል ግፊት ይቋቋማል ማለት ነው።

እኔም ምህንድስና ስጀምር ይህንኑ ነው የተማርኩት። ፈተና ላይ "የጎማ ስፋት ሰበቃን ይጨምራል?" ቢባል "አይጨምርም" ብዬ ሙሉ ነጥብ አገኝ ነበር። ታዲያ የውድድር መኪና ጎማ ለምን ያን ያህል ሰፊ ሆነ? ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የደረቅ አስፋልትና የጎማ ቁጥር አንድ አካባቢ ነው ይባል ነበር፤ ከአንድ አይበልጥም የሚለውም እምነት የተለመደ ነበር። እንግዲህ እናስላ። ቁጥሩ አንድ ቢሆን፣ የመኪናው ክብደት በሙሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ቢያርፍና የሞተሩ ጉልበት ወሰን ባይኖረው፣ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ሊጨምር የሚችለው በሰከንድ 9.8 ሜትር ብቻ ነው። ከላይ ከተጣለ ድንጋይ ጋር እኩል መሆኑ ነው። በዚህ ስሌት ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር፣ ለመጨረስ ከ9 ሰከንድ በትንሹ የሚበልጥ ጊዜ ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው። ሞተር ብትጨምሩ፣ ብትጨምሩ፣ ከዚህ አታልፉም።

ጣሪያው ሲቀደድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እየገዙ፣ ሞተሩን እየቀየሩ፣ በደረቀ ሐይቅ ላይና በየመንገዱ ይሽቀዳደሙ ነበር። የመንገዱ ሽቅድምድም ለራሳቸውም ለእግረኛውም አደገኛ ነበር። በ1950 በሳንታ አና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መደበኛ የሩብ ማይል ውድድር ተጀመረ። በ1951 ደግሞ ዋሊ ፓርክስ ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን መሠረተ። ከዓላማዎቹ አንዱ ወጣቱን ከመንገድ አውጥቶ ደንብ ወዳለበት ሜዳ ማስገባት ነበር።

ሜዳው ሳይታሰብ ቤተ ሙከራ ሆነ። ነሐሴ 1 ቀን 1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዶን ጋርሊትስ በኒው ጀርሲ ሩብ ማይሉን በ7.78 ሰከንድ ጨረሰ። ፍጥነቱ በሰዓት 201.34 ማይል፣ ማለትም 324 ኪሎ ሜትር ነበር።

ሰከንዱን ልብ በሉ። 402 ሜትርን በ7.78 ሰከንድ ለመጨረስ በአማካይ ከመሬት ስበት 1.36 እጥፍ የሚያህል የፍጥነት ጭማሪ ያስፈልጋል። የጭስ ማውጫው ግፊትና አየሩ ጥቂት ቢያግዙም ዋናውን ሥራ የሠራው ጎማው ነው። ጣሪያ የተባለው አንድ ቁጥር ለጎማ ጣሪያ አልነበረም ማለት ነው።

ላጲሱ ምን ያውቃል?

ጋርሊትስ ይህን ከማድረጉ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1963፣ በእንግሊዝ የጎማ ተመራማሪ የነበረው ኬ. ኤ. ግሮሽ የጎማን ሰበቃ በተለያየ ሙቀትና ፍጥነት ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። ጎማ የሚይዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጣበቅ ነው፤ የጎማው ሞለኪውሎች ከገጹ ጋር ይያያዛሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ይላቀቃሉ፣ እንደገና ይያያዛሉ። ሁለተኛው መቀረጽ ነው። ጎማው በአስፋልቱ ጥቃቅን ጠጠሮች መካከል ይገባና ቅርጹን ይይዛል፤ ለመውጣት ሲታገል ጉልበት ይበላል፣ ያም ሙቀት ይሆናል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። ጎማ ሲሞቅ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ የተሻለ ይይዛል፤ ካለፈ ግን ይላላና ይንሸራተታል። ጫናው ሲበዛበት የሰበቃ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሰፊ ጎማ ጫናውን አከፋፍሎ ይጠቅማል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ጎማ በደንብ የሚይዘው ጥቂት ሲንሸራተት ነው፤ ከመኪናው ፍጥነት ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ቀድሞ ሲሽከረከር። ከዚያ ሲያልፍ ጭሱ ይመጣል፣ መያዙ ይቀራል።

ክብደቱን ማን ተሸከመው?

ሁለተኛው ትምህርት ከዲትሮይት መጣ። በክራይስለር ኩባንያ የሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶች "ራምቻርጀርስ" የሚባል ቡድን አቋቁመው በ1959 አንድ ጉደኛ መኪና ይዘው ወጡ። የ1949 ሞዴል ፕሊማውዝ ነው። ከመሬት ሆን ብለው ከፍ ስላደረጉት መልኩ ያስቃል። ሌላው ሰው መኪናውን ዝቅ ሲያደርግ እነሱ ለምን ሰቀሉት?

መኪና ወደ ፊት ሲወረወር ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በሚኒባስ ቆማችሁ ሾፌሩ ድንገት ሲነሳ ወደ ኋላ እንደምትወድቁት ነው። የክብደቱ ማዕከል ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄደው ይበዛል፤ የሚነዳው ደግሞ የኋላ ጎማ ነው።

ስሌቱን እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን፣ በኋላ ጎማ የሚነዳ መኪና ውሰዱ። ግማሹ ክብደት ኋላ ላይ ነው። የክብደት ማዕከሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር ነው። የመደበኛ ጎማው የሰበቃ ቁጥር 0.9 ይሁን። መጀመሪያ 0.9ን በ0.5 አባዙት፤ 0.45 ይሆናል። ቀጥሎ 0.9ን በከፍታው አባዝታችሁ በርቀቱ አካፍሉት፤ 0.173 ነው። ይህን ከአንድ ቀንሱ፣ በቀረው 0.45ን አካፍሉ። ውጤቱ 0.54 ነው። መኪናው ከመሬት ስበት 0.54 እጥፍ በላይ መፍጠን አይችልም፤ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ቢያንስ 5.2 ሰከንድ ያስፈልገዋል።

አሁን 60 በመቶው ክብደት ኋላ ይሁን፣ ልክ ሞተራቸው ከኋላ እንደሆነው መኪናዎች። 4.3 ሰከንድ ይሆናል። ክብደቱን እንደነበረ ትተን ቁጥሩ 1.1 የሆነ ለስላሳ ጎማ ብናደርግ ደግሞ 4.1 ሰከንድ። ልብ ብላችኋል? በስሌቱ ውስጥ የፈረስ ጉልበት የሚባል ነገር የለም።

ይህን የተረዱ ሰዎች ሩቅ ሄዱ። በ1965 ጥቂት የዶጅና የፕሊማውዝ መኪናዎች የኋላ ጎማቸው 38 ሴንቲ ሜትር፣ የፊቱ ደግሞ 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ተገፋ። አካሉ ወደ ኋላ የተንሸራተተ ስለሚመስል ሰው "አስቂኝ መኪና" ይላቸው ጀመር፤ ስሙም የአንድ ሙሉ የውድድር ዘርፍ ስም ሆኖ ቀረ።

የመንገድ ጎማስ?

"ይህ ሁሉ የውድድር ጎማ ነው፤ የመንገዱስ?" ትሉ ይሆናል። የመንገድ ጎማ ሥራው ብዙ ነው። በዝናብ ውኃ ማስወጣት፣ በብርድ መያዝ፣ በአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ስለዚህ ይጠነክራል፣ ጥርሶቹም ሲገፉ ይወዛወዛሉ። ቢሆንም ከሜዳው የመጣው ትምህርት ይሠራለታል።

በውድድር ሜዳ በዚህ ጎማ በደንብ የሚነሱ ሰዎች ነዳጅ በአንዴ አይረግጡም። ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ይዘው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው እየለቀቁ፣ መኪናው ክብደቱን ወደ ኋላ እስኪጥል ይጠብቁና ነዳጁን ይጨምራሉ። ጎማውን ለማጽዳት ያህል አጭር ሽክርክሪት ይበቃቸዋል፤ ብዙ ካቃጠሉት ይላላል። የሜዳው ውኃ ውስጥም አይገቡም፤ ጥርሱ ውኃውን ተሸክሞ መነሻው መስመር ላይ ያፈሰዋል። የኋላ ጎማ ንፋስ በጥቂቱ ይቀንሳሉ። ግን ከልክ ሲያልፍ የጎማው መሐል ይነሳና በጠርዙ ብቻ ይረግጣል፤ ከመያዝ ይልቅ ይንሸራተታል።

ፋብሪካዎችም ተምረዋል። የ2018 ሞዴሉ ዶጅ ዲመን ለመንገድ በተፈቀደ፣ 315 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ለስላሳ ጎማ ሩብ ማይሉን በ9.65 ሰከንድ ጨርሷል። ሲነሳ ከመሬት ስበት 1.8 እጥፍ እንደሚደርስ አምራቹ አስታውቋል። የፊት አሞርዛተሮቹ ሲነሳ ይላላሉ፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይወርዳል። ከራምቻርጀርስ የተሰቀለ ፕሊማውዝ ጋር ሐሳቡ አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የውድድር ሜዳ አስፋልት የጎማ ቅሪት የተለበጠበት፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽ የሚረጭበት ነው። እናንተ የምታውቁት መንገድ አቧራ፣ ዘይትና የልጆች ኳስ አለበት። ያ 1.8 እዚያ የለም። ንፋሱ የጎደለ ጎማም በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ ይሞቃል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ከሜዳ ሲወጡ መልሶ መሙላት ግድ ነው። ዋሊ ፓርክስና ጓደኞቹ ውድድሩን ከመንገድ ያወጡት ሰው እየሞተ ስለነበር ነው። ያ ምክንያት ዛሬም አልተለወጠም።

የአሞንቶን ሕግ ስህተት አልነበረም፤ ለእንጨትና ለብረት ዛሬም በደንብ ይሠራል። ስህተቱ ሕጉ ያልተፈተነበት ቁስ ላይ ሲደርስ "ይህም ያው ነው" ብሎ ማለፍ ነበር። እኔ በፈተና ላይ "አይጨምርም" ብዬ ሙሉ ነጥብ የማገኘውም በዚሁ ስህተት ነው። መልሱ እኮ ከፈተና ወረቀቱ አጠገብ ነበር፤ በእርሳሴ ጫፍ ላይ።